ብቻዋን የመጣች ታንኳ

በልጅነቴ የምነቃው በሐይቁ ድምፅ ነበር ብዬ ብጽፍ ያምርልኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የሚቀሰቅሰኝ የአባቴ ድምፅ ነው። ቤታችን ጣና ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ስለነበረ፣ ጧት ጧት ጉሙ አጥሩን አልፎ እስከ ደጃፋችን ይገባል። አባቴ ከሾላው ሥር ተቀምጠው ደቀ መዛሙርታቸውን ሲያስተምሩ ፊታቸው አይታይም። ሾላውም አይታይም። ከዚያ ከነጩ ውስጥ ድምፃቸው ብቻ ይመጣል፣ ከሥሩም የውኃው ጠብ ጠብ። ያ ድምፅ አዘውትሮ የሚመላለስበት አንድ ቃል ነበረው። «አንድም።»

አባቴ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ነበሩ። ትምህርቱን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይነበባል፣ ትርጉሙ ይነገራል። ተማሪው አለቀ ብሎ ሲያስብ መምህሩ «አንድም» ይሉና ሌላ ትርጉም ያመጣሉ። ያም ሲያልቅ ደግሞ «አንድም» ይላሉ። ዝም ብሎ ማምጣት ግን አይቻልም፤ እያንዳንዱ አንድም ምስክር ይፈለግለታል። ምስክር ያላመጣ ተማሪ፣ «ይሄማ ወሬ ነው» ተብሎ ይመለሳል። እኔ ሴት ስለነበርሁ ከሾላው ሥር አልቀመጥም፤ እንቅልፍና ንቃት መካከል ሆኜ ከአልጋዬ እሰማለሁ። ብዙውን ነገር ስለማልረዳው እንደ ዝናብ ነበር የማዳምጠው።

አባቴ ግን ለእኔም የተለየ ጉባኤ ነበራቸው፤ ጉባኤው የሚካሄደው መንገድ ላይ ነው። ከቤት እስከ ውኃው ዳር ስንሄድ ያየሁትን ሁሉ ያስተረጉሙኛል። አንድ ቀን ጫማውን በእጁ ይዞ የሚሮጥ ሰው አለፈን።

«ሌባ ነው!» አልሁ።

«አየሽ ወይስ ገመትሽ?»

ይቺን ጥያቄ እጠላት ነበር። አፍ ታስይዛለች።

«ሲሮጥ አየሁ።»

«ሲሮጥማ እኔም አይቻለሁ። ሌብነቱን ከየት አመጣሽው?»

ከዚያ እየተራመድን እንተረጉመዋለን። አንድም ሌባ ነው። አንድም ሚስቱን ምጥ ይዟት አዋላጅ ፍለጋ ነው። አንድም ጀልባ ሊያመልጠው ነው። «አንድም አብዷል» ብዬ ስጨምር አባቴ ቆመው ሳቁና ምስክር እንዳመጣ ጠየቁኝ። ምስክር አልነበረኝም። የጀልባው መነሻ ጋ ስንደርስ ሰውዬው ከተሳፋሪዎቹ መካከል ተቀምጦ እያለከለከ ጫማውን ያስራል። በንዴት እንባዬ መጣ። መሸነፍ አልወድም፤ እስከ ዛሬም አልወድም።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነበር። በቀበሌው የውይይት ክበብ ለሁሉም ነገር አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ሳሙና ከሱቅ ሲጠፋ የአድኃሪያን አሻጥር ነው። ስኳር ሲጠፋም ያው ነው። ዝናብ ሲዘገይ እንኳ አሻጥር ነው ለማለት ትንሽ ቀርቶን ነበር። አንድ ጊዜ እጄን አወጣሁና፣ «አንድም ሳሙናውን የሚያመጣው መኪና ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል» አልሁ። ከጎኔ የተቀመጠችው ጓደኛዬ ቀሚሴን ጎትታ አስቀመጠችኝ። ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኛል፤ አባቴ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑት። «አንድም ማለትን አስተማርሁሽ። የት እንደሚባል ግን ሳላስተምርሽ ቀረሁ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድምን በሆዴ ማለት ለመድሁ።

ተምሬ በአንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆንሁ። ባሕር ዳር ላይ ትኩሳት ይዞ የመጣ ሁሉ ወባ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜም ወባ ነው። ክፉነቱ እዚህ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ልክ የሚሆን ግምት ሰውን ያስተኛዋል። እኔ ግን ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሼ ያን ሐምራዊ የደም ጠብታ ስመለከት ጊዜው ይጠፋኛል፤ ጠብታው ራሱን የቻለ ሐይቅ ይመስለኛል፣ ከዳር እስከ ዳር ሳልቀዝፈው አልወጣም። ወባ ካላየሁ ወባ ብዬ አልጽፍም። «አንቺ ልጅ፣ የአባትሽን ጉባኤ እዚህ አታምጭብን፤ ወረፋው ረዘመ!» እያለ የሚጮህብኝ የጤና ረዳት ነበር። እውነትም ወረፋው ይረዝም ነበር። ግን እኔ «አላየሁም» ብዬ የመለስሁትን በሽተኛ እንደገና አስተኝቶ ሲመረምር፣ ሳያመሰግነኝም ቢሆን፣ ልቤ ይሞላ ነበር።

አሁን ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ፤ ይህን ሁሉ ያመጣሁት ለእሱ ነው።

ታናሼ ነው። ሰዓት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሳቁ ከእሱ ቀድሞ ይገባል፣ እሱ ግን ምሳ ቀርቦ ከተነሣ በኋላ ነው የሚደርሰው፤ እናታችንም የእሱን ድርሻ ከድና ማስቀመጥ ልማዷ ሆኖ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሰዎች የሚኖሩባት አንዲት ደሴት ላይ ተመደበ። ገበሬዎችንና ሚስቶቻቸውን ፊደል ያስቆጥራል። ወደ ቤት ሲመጣ ያሳደረው ገበሬ ታንኳ ያውሰዋል፤ ያቺን ታንኳ ሁላችንም እናውቃታለን፣ አፍንጫዋ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮባታል።

ስለ ታንኳ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የእኛ አገር ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገል ደግሞ ውኃ ይጠጣል፣ ሰው ሲጫነውማ እስከ ልቡ። ስለዚህ ሰው መንገዱን ሲጨርስ ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ ዛፍ ላይ አስደግፎ ያቆመዋል፣ እስኪደርቅ። ደረቅ ታንኳ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ትከሻው ላይ አድርጎት ይሄዳል። ውኃ የጠገበ ታንኳ ግን የሞተ በሬ እንደመጎተት ነው። ማታ ማታ በሐይቁ ዳር ስትሄዱ አፍንጫቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው በተርታ የቆሙ ታንኳዎችን ታያላችሁ። በጨረቃ ሰዎች ይመስላሉ፤ በልጅነቴ ሰላም እላቸው ነበር።

የወንድሜ የዘመቻ ዙር ያለቀው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ሐሙስ እመጣለሁ ብሎ ልኮ ነበር። ረቡዕ ማታ ሐይቁ ላይ ነፋስ ተነሣ። ቆርቆሯችን እስኪያለቅስ ነፈሰ። ሐሙስ ጧት ግን ውኃው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተኝቶ ነበር፣ ነጭ፣ ሰማዩንና ራሱን መለየት እስኪያቅት ድረስ።

በምሳ ሰዓት ከጤና ጣቢያው ስወጣ አባቴና የዕድራችን ዳኛ በሩ ላይ ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው። የተናገሩትም እሳቸው ናቸው።

«የወንድምሽ ታንኳ ብቻዋን መጣች ልጄ። ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት፣ ደንገሉ ውስጥ፣ ተገልብጣ ረፋድ ላይ ተገኘች።»

አባቴ አጥሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ሞቷል» አሉ።

ጠበቅሁ። ምን እንደምጠብቅ እስኪገባኝ ጥቂት ቆየሁ፤ አንድምን ነበር የምጠብቀው። አልመጣም። አባቴ ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው መሬት መሬት ያያሉ። ዕድሜዬን ሙሉ አንድን ነገር በአንድ ትርጉም ሲጨርሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ዳኛው ሥርዓቱን ነገሩኝ። እናቴ ምንም አልሰማችም፤ እንዳትሰማም ተጠንቅቄ እንድቆይ። ነገ ጎሕ ሲቀድ ጎረቤቱ ከደጃችን ይሰበሰብና መርዶው ይነገራታል። የእኛ አገር መርዶ እንዲህ ነው፤ ሰው ሐዘኑን ብቻውን እንዳይሰማ ሁሉም ተሰብስቦ፣ ገና ብርሃን ሳይሞላ፣ በሩ ላይ ይቆማል። በዚያ ሰዓት በሩን ከፍቶ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ያየ ሰው ቃል ሳይናገሩት ያውቃል። መልካም ልማድ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ አንዴ ከተነገረ የሚመልሰው የለም። ልቧ ደካማ የነበረችው እናቴ ያን ደጃፍ ሰው ሞልቶት አይታ ብትወድቅ፣ በኋላ «ተሳስተናል» ማለት ምን ይጠቅማታል?

ወደ ሥራ አልተመለስሁም። ወደ ውኃው ሄድሁ። እንዴት እንደሄድሁ አላስታውስም፤ እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም። ዘንባባዎቹ፣ የጀልባው መነሻ፣ ከዚያ ረግረጉ፤ ሁሉም በሕልም እንደሚታይ መንገድ ረጅምና ድምፅ አልባ ነበር። ማልቀስ ፈልጌ እንባ እምቢ አለኝ። ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይመላለሳል፤ አየሽ ወይስ ገመትሽ፣ አየሽ ወይስ ገመትሽ።

ታንኳዋን ያገኙት አሣ አጥማጅ ዳር ላይ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ታንኳዋ አጠገባቸው ተጋድማለች፣ ቀዩ ጨርቅ ረጥቦ ጠቁሯል። ማን እንደሆንሁ ስነግራቸው ተነሥተው ቆሙ።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሉኝ።

«አባት፣ እስቲ ይቆዩ። ሰው አይተዋል?»

«ኧረ ሰውስ አላየሁም። ግን ምን ያጠራጥራል፣ ተገልብጦ እኮ ነው ያገኘሁት።»

«መቅዘፊያውስ?»

«አልነበረም።»

ይህን በሆዴ አዞርሁት። ሰው ይዟት ወጥቶ ከተገለበጠች መቅዘፊያው ይሰምጣል ወይም ይወሰዳል። ሰው ሳይኖርባት ነፋስ ከወሰዳትም መቅዘፊያው ደሴቱ ላይ ከአንድ ቤት ተደግፎ ይቀራል። ለሁለቱም ይሆናል። ለሁለቱም የሚሆን ምስክር ምስክር አይደለም። ልቤ ግን ወደ አንደኛው እየጎተተኝ ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ ያን ያህል ስፈልገው ራሴን ማመን ፈራሁ።

«ከውኃ ሲያወጡት ማን አገዘዎት?»

«ማንም። ብቻዬን ጎትቼ አወጣሁት።» መረባቸውን ሊያነሡ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት። «ቀላል ነበር» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

«ከደሴቱ እስከዚህ ሰው ይዞ የመጣ ታንኳ ብቻዎን ያወጡታል?»

«እንዴት ተደርጎ!»

ተንበረከክሁና ከመካከለኛው እስር አንድ ደንገል ስቤ አወጣሁ። ከላይ ረጥቧል። ሰበርሁት። ልቡ ነጭ ነበር፣ ደረቅ፤ በጣቴ ስጨብጠው ድምፅ አሰማ። አሣ አጥማጁ ከእጄ ተቀብለው አሸተቱት። ሐይቁ ላይ ነጫጭ ወፎች ተቀምጠው ሳይንቀሳቀሱ ይንሳፈፉ ነበር።

እዚህ ላይ ዘልዬ እየጮኽሁ ወደ ቤት ልሮጥ ምንም አልቀረኝም። ግን ያ የተረገመ ልማዴ አልለቀቀኝም። አንድም፣ አልሁ። አንድም ወንድሜ ረቡዕ ማታውኑ ሊነሣ ብሎ ደርቃ የቆመችውን ታንኳ አውጥቶ፣ ገና ከዳር ሳይርቅ ነፋሱ ገልብጦበት ይሆናል። ያኔም ልቧ ደረቅ እንደሆነ ትመጣለች። ይህን ሳስብ ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በእጄ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አናውቅም። ሞቷልም አናውቅም፣ አለም አናውቅም። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ያን ቀን እንደ ሕፃን አቅፌው ወደ ቤት ሄድሁ።

አባቴን ከሾላው ሥር አገኘኋቸው። ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ከቤት ውስጥ የእናቴ ድምፅ ይሰማል፤ ለወንድሜ የሚሆነውን ወጥ እያማሰለች ታንጎራጉራለች።

«ታንኳዋን አየኋት» አልሁ።

«ተይኝ ልጄ።»

«አባባ፣ አንድም...»

«ተይ አልሁሽ! ይሄ መጽሐፍ አይደለም። ልጄ ነው።»

በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን እናቴ እንዳትሰማ አፌን በነጠላዬ ይዤ ጮኽሁባቸው። «ለመጽሐፍ ብቻ ከሆነማ ያን ሁሉ ዘመን ለምን አስተማሩኝ? ለሚሮጥ ሰውዬ ነው? ለሳሙና ነው? ለልጅዎ ካልሆነ ለማን ነው?»

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። ከዚያ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አቆሙና፣ «ያየሽውን ንገሪኝ» አሉ። «የገመትሽውን አትንገሪኝ።»

ነገርኋቸው። የታንኳዋን ቅለት፣ የደንገሉን ልብ፣ መቅዘፊያው የማይመሰክር መሆኑን፣ ያችን የምትጎዳንን አንድምም ሳልደብቅ። እንደ ተማሪ ቆሜ ነው የነገርኋቸው። ስጨርስ፣ ከነጩ ጉም ውስጥ ይመጣ የነበረው ያ ድምፅ ከሩቅ እንደመጣ ሆኖ ተመለሰ።

«አንድም» አሉ። «አንድም ነፋስ ወስዷታል።»

ተከትያቸው ወደ ዕድሩ ዳኛ ቤት ሄድሁ። አባቴ መርዶው እንዲቆይ፣ ሲነጋም ሰው ወደ ደሴቱ እንዲላክ ጠየቁ። ዳኛው በጣም አዘኑ፤ ሐዘን አእምሮ ነክቷቸዋል ብለው እንዳሰቡ ፊታቸው ላይ ይነበባል።

«የኔታ፣ መርዶ ማሳደር ነውር መሆኑን ለእርስዎ እኔ እነግራለሁ?»

«አላሳደርሁም» አሉ አባቴ። «እስካሁን መርዶ የለኝም። ያለኝ ታንኳ ነው።»

ዳኛው ብዙ አንገራገሩ፣ በመጨረሻ እሺ አሉ። ሰዉ ሁሉ ግን አልተነገረውም ነበር። ጎሕ ሲቀድ እናቴ አጠገብ ተኝቼ በደጃፋችን የእግር ኮቴ ሰማሁ። በመስኮቱ ስንጥቅ አየሁ፤ ጉሙ ውስጥ ነጫጭ ጋቢዎች ቆመዋል፣ ልክ በልጅነቴ ሰላም እንደምላቸው ታንኳዎች። አባቴ ባዶ እግራቸውን ወጥተው አንድ በአንድ እየቀረቡ በጆሯቸው ሹክ ይላሉ። ነጩ ቀስ በቀስ ሳሳ፣ ከዚያ ጉሙ ብቻ ቀረ። እናቴን ዞሬ አየኋት። ትንፋሿ ረጋ ያለ ነበር፤ ተኝታለች ብዬ ደስ አለኝ።

ወንድሜ ዓርብ ከሰዓት መጣ። የተላከው ሰው ግማሽ መንገድ ላይ፣ በሌላ ሰው ታንኳ ሲመጣ አገኘው። እንደ ልማዱ ሳቁ ቀድሞት ገባ።

«ጉድ ሆንሁላችሁ! ታንኳዋን ከዛፉ ሥር አቁሜያት ሌሊት ነፋስ ወሰዳት። ሰውዬው አኩርፎ አላናግር ብሎኛል!»

አባቴ ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሩን ሳሙት፤ ዓይኑን፣ ጆሮውን ሳይቀር ዳሰሱት። ከዚያ በድንገት ግቢው እስኪናወጥ ጮኹበት። «ታንኳ ሲደርቅ አይታሰርም? ገመድ አልነበረም? ደንቆሮ!» ወንድሜ ግራ ገብቶት እኔን ያየኛል። እኔ ግድግዳውን ይዤ አለቅስ ነበር፤ ያ እምቢ ያለኝ እንባ ያኔ መጣ።

እናቴ ብቻ አልደነገጠችም። ውኃ አምጥታ እጁን ታስታጥበው ጀመር፤ ውኃው ካለቀ በኋላም እጁን አልለቀቀችውም።

«ትናንት ያች በቧንቧ ወረፋ የምትጣላኝ ጎረቤቴ ባልዲዬን ሞልታ አመጣችልኝ» አለች፣ ማንንም ሳታይ። «ከሰዓት ደግሞ ትልቁን ድስቴን ተበደሩኝ፣ ለምን እንደሆነ ሳይነግሩኝ። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ እግር ሰማሁ። መጡ፤ ተመልሰውም ሄዱ።»

አባቴ ተጠጉ። «ሰምተሻል? ታዲያ ምን አልሽ?»

«አንድም የሞተችው ሐሙሲት ከተማ ያለችው እናቴ ናት አልሁ። አንድም እኅቴ ናት አልሁ። አንድም አንዱ የአጎቴ ልጅ። ዘመዴን ሁሉ ስጠራ አነጋሁ።»

«ይሄንንስ?» አሉ አባቴ፣ ወደ ወንድሜ እያሳዩ።

«እሱን አላነሣሁትም» አለች። «ሁሉንም አነሣሁ፣ እሱን ተውሁት።»

ተያዩና ሁለቱም ቀስ ብለው ተቀመጡ። እኔም ያኔ ገባኝ፤ ትልቁ መምህር አንዷን ብቻ ይዘው ሌላውን ሁሉ ጥለው ነበር፣ ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ሁሉንም ይዛ አንዷን ጥላ ነበር፣ ሁለቱም ያደረጉት ስለሚወዱት ነው። ከዚያ ወዲህ ማይክሮስኮፑ ላይ ሳጎነብስ፣ ከሰው ጋር ስጣላ፣ ልጆቼ ሲያመሹብኝ ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ተጨመረልኝ። ማየት የፈራሁት የትኛውን ነው? ሁልጊዜ አልመልሰውም። እጠይቀዋለሁ ግን።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። አውቶቡሱ የጎንደርን መንገድ ይዞ ድልድዩን ሊሻገር ሲል ሁላችንም ቆመን ነበር። ወንድሜ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የሆነ ቀልድ ይናገራል፤ ሞተሩ ጮኾ አልተሰማንም፣ ሳቁን ብቻ አየን። እናቴ እጄን ይዛኛለች። አውቶቡሱ ከዓይን ሲጠፋ፣ «ዛሬ አንዱንም አልተውሁም» አለችኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ሐይቁ በቀኛችን ተኝቶ ነበር፣ እሷም አላየችውም፣ እኔም አላየሁትም።

የመጡበት ቀን ጉም ነበር። ጎሕ ሲቀድ ኮቴ ሰማሁ፤ የዕድሩ ዳኛ፣ ጎረቤቶቹ፣ ያች የቧንቧዋ ሴትዮም። በሩን ሳያንኳኩ እናቴ ከፈተችው። ለብሳ ነበር። ነጩን ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር አየችው። አባቴ ከኋላዋ ቆመዋል። እሪ ትላለች ብለን ሁላችንም ልንይዛት ተዘጋጅተን ነበር።

«ያየ ሰው አለ?» አለች።

ከኋላ በክራንች የቆመ ወጣት ሰዉን እየከፈተ ወደ ፊት መጣ። ከወንድሜ ጋር የዘመተ ጓደኛው ነበር።

«አየኸው ወይስ ነገሩህ?»

«አየሁት እማማ» አለ ልጁ። «አፈር ያለበስሁት እኔ ነኝ።»

እናቴ እያየችው ቆየች፤ ያች አንዲት ምስክርነት በልቧ እስክትረጋ ድረስ የምትጠብቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ነጠላዋን አውርዳ አዘቅዝቃ ለበሰች፣ በሩንም እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

«እንግዲህ ግቡ» አለች።